የተሳሳተ መልስ አሠራር

ፉጣ ያለው የቤቴ ግድግዳ ሰዓት ስምንት ሲል እኔ ሁለት ሰዓት ብዬ አነበዋለሁ። ሪያድና አዲስ አበባ የሚኖሩት በአንድ ሰዓት ነው፤ የሚለያዩት በአቆጣጠር ብቻ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያለ ተረኛ ሬዚደንት የማታ ራውንዱን ጨርሶ ስልኩን ከጋዋኑ ኪስ ሲያወጣ፣ እኔም ከሥራ ገብቼ ሻዬን ቀድቼ እጠብቀዋለሁ። ሰፈሩ በዚያ ሰዓት ገና አይተኛም። ፉጣ የድሮው ሪያድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለሳዑድ ቢን አብዱልአዚዝ የተሠራው ቀዩ ቤተ መንግሥት የሚገኘው እዚሁ ነው፤ የባትሃ ገበያም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ የጀመረው የሹመይሲ ሆስፒታል፣ ዛሬ የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ የሚባለው፣ ብዙም አይርቅም። በመስኮቴ የአምቡላንስ ድምፅ ሲገባ ጥያቄው ስልኬ ላይ ብቅ ይላል።

የምጠብቀው እሱን ነው፤ ጥያቄውን። የሚመጣው በተለያዩ ሆስፒታሎች የሚሠለጥኑ ሬዚደንቶች በቡድን ተከፍለው ከሚጋጠሙበት የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። አንዱ ቡድን ጥያቄ ያዘጋጃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዞራል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፤ ዓይኔን ማይክሮስኮፕ ላይ ደፍቼ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት። ነጥብ አልይዝም፣ አልወዳደርም። የምመለከተው እንዴት እንደተሠራ ነው። ጥሩ ጥያቄ ሳይ ደስ የሚለኝ ጥሩ የተሠራ ሞሰብ ሳይ እንደሚለኝ ነው፤ ሞሰብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ክዳኑን አይቶ አይፈርድም፣ ገልብጦ ውስጡን ያያል።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የፈተና መልክ ያለው ምርጫ ከጨመረ ወዲህ መሣሪያው በሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። ልኩ ግን ጠባብ ነው። ጥያቄው ባዶ ቦታውን ጨምሮ ከ300 ፊደል መብለጥ አይችልም። እያንዳንዱ ምርጫ ከ100 አይበልጥም። ትክክለኛውን የነካ ሰው ስልኩ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ይዘንብለታል። የሳተ ሰው ደግሞ ማብራሪያ ይመጣለታል፤ በኋላም ትንሿን የአምፖል ምልክት ነክቶ ደግሞ ሊያነበው ይችላል። ለማብራሪያው የተፈቀደው 200 ፊደል ነው። አንድን ሰው፣ ሕመሙን፣ የተደረገለትንና የደረሰበትን በ300 ፊደል፤ ምክንያቱን በ200። ሸማኔ ጥለት የሚጥልበት ጠርዝ ይህን ያህል ነው፤ እጁ የሚታየውም እዚያ ነው።

ልጅ ሳለን ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ይህ ደንብ ልጅ ሆኜ ያላስተዋልኩት ጥልቀት አለው፦ የተሸነፈው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አገር ይሰጣል፣ እውቀት ይቀበላል። የአምፖሏ ምልክት የዚያ ደንብ ታናሽ እህት ናት።

እንዲህ ያለው ግጥሚያ በሌላውም ዓለም አለ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በየዓመቱ የሚያካሂደው፣ ጄፐርዲ የሚባለው ውድድር የመጀመሪያ ዙሩ በኢንተርኔት ነው። የየማሠልጠኛው ሠልጣኞች ባሉበት ሆነው ይፈተናሉ፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ አምስት ማሠልጠኛዎች ሁለት ሁለት ሰው ልከው በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ተመልካች ፊት ይጋጠማሉ። የውስጥ ደዌ ሐኪሞቹ ኮሌጅም «የሐኪሙ አጣብቂኝ» የሚል ስም ያለው ውድድር አለው፤ ዋንጫው የተሰየመው በዊሊያም ኦስለር ነው። ሽልማቱን ሁሉም ያወራለታል። ጥያቄዎቹን ማን እንደጻፋቸው ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጽሑፌን ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ምርጫ ያለው ጥያቄ ራሱ ከመቶ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው። ካንሳስ ውስጥ ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1914 እና በ1915 አካባቢ የንባብ ፈተናውን ሲያዘጋጅ የፈለገው አራሚዎች እንዳሻቸው ነጥብ እንዳይሰጡ ነበር። ሕክምናው ዘግይቶ ነው የተቀበለው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ፈታኞች ቦርድ የጽሑፍ መልሱን ትቶ ወደ ምርጫ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ሱዛን ኬዝ እና ዴቪድ ስዋንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚሁ ቦርድ ያዘጋጁት መመሪያ ጥያቄ መጻፍን እንደ አናጢነት የሚማሩት ሙያ አደረገው። ከመመሪያው ሕጎች አንዱን ሁሌም አስታውሰዋለሁ፦ ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍን፤ የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ብቻ አንብቦ መልሱን መናገር ካልቻለ ጥያቄው ገና አልተሠራም።

እዚህ ሳዑዲ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች ይህን ሙያ ከሌላኛው ጎኑ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው የሳዑዲ የጤና ስፔሻሊቲዎች ኮሚሽን የአገሪቱን ሬዚደንቶችም፣ ፈቃድ ፈላጊውን የውጭ ሰውም የሚመዝን ነው። «ፕሮሜትሪክ ልፈተን ነው»፣ የፈቃዱን ፈተና ማለቱ ነው፣ ያለ ሰው ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ቤተሰቡ ያውቃል። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ፈተና ተቀምጫለሁ። አንዱን አልረሳውም፤ የት እንደሆነ አልናገርም። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ አይደለም?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማውቀውን ነገር ነበር የሚጠይቀኝ፤ ግን የሚጠይቀኝ ምን እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ከክፍሉ ስወጣ ከብስጭቱ ይልቅ ውስጤ የቀረው ኀፍረት ነበር፤ ማፈር የነበረበት ጥያቄው ሆኖ ሳለ እኔ አፈርኩ። በሚገባ ያልተሠራ ጥያቄ ይህን ያደርጋል፤ የራሱን ጉድለት ተፈታኙ ላይ ይለጥፋል።

ስለዚህ አንዱን ከመሠረቱ እንሥራ። የምመርጠው በሽታ ማይክሮስኮፕ ላይ አይቼው ልቤ የቆመበትን ነው፤ የሚያገረሽ ትኩሳትን፣ በአገራችን ስሙ ግርሻን። ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የሚባለው ባክቴሪያ በገላ ቅማል ነው የሚተላለፈው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ዋናው መኖሪያው ኢትዮጵያ ናት። ብለድ ፊልም ላይ ከቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ተፈተለ ክር ተጠማዝዞ ይተኛል። ቀለሙ ጠልቆ ሲይዝ ወይን ጠጅ ይሆናል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው ደግሞ አይስተውም።

ውድድሩ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነውና። እኔ ግን በአማርኛ እጽፈዋለሁ፦

«የ19 ዓመት የቀን ሠራተኛ ነው፤ በክረምት ከብዙ ሰው ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። አራት ቀን ያንቀጠቀጠው ትኩሳት፣ ነስር፣ ቢጫ ዓይን አለው። ብለድ ፊልሙ ላይ ጥምዝምዝ ተሕዋስያን ታዩ። ፔኒሲሊን ተወጋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ትኩሳቱ 41 ደረሰ፤ ከዚያ የደም ግፊቱ ወረደ። አያሳክከውም፤ ደረቱ ሲጥ ሲጥ አይልም። ቀጥሎ የሚደረገው ምንድን ነው?»

ባዶ ቦታውን ጨምሮ 230 ፊደል ገደማ ነው። አሁን እንገልብጠው።

መጀመሪያ የሌለውን ቃል እንፈልግ፦ ቅማል። «ቅማል» ብለን ብንጽፍ ገና በአንደኛው መስመር መልሱ ይወድቃል፤ ሦስተኛ ዓመት ተማሪም ይይዘዋል። በቦታው ያለው «በክረምት ከብዙ ሰው ጋር ተጠጋግቶ ያድራል» ነው። ዝናብ፣ ብርድ፣ የማይቀየር ልብስ፣ የጋራ ወለል፤ ቅማሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ ስሙ ብቻ አልተጠራም። ዋርድ ውስጥ ታማሚው «ቅማል አለብኝ» ብሎ አይመጣም፤ ሐኪሙ የት እንደሚያድር ጠይቆ ነው የሚደርስበት። ጥያቄውም ሐኪሙን የሚያስኬደው በዚያው መንገድ ነው። «አገረሸበት» የሚለው ግስም ሆን ተብሎ ቀርቷል። በአማርኛ ብዙ በሽታ በስሙ ውስጥ ምልክቱን ይዞ ይዞራልና በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከእንግሊዝኛው ጸሐፊ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። ደወል ተደውሎ በሚመለስበት የዩኒቨርሲቲዎች የጥያቄ ውድድር አንድ ሕግ አለ፤ ፍንጮቹ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይደረደራሉ፣ ጠልቆ የሚያውቀው ቀድሞ እንዲደውል። የእኛም ጥያቄ እንዲሁ ይወርዳል። መኝታውን ሰምቶ የሚጠረጥር አለ፤ ልምድ ያለው እሱ ነው። ነስሩንና ቢጫውን ዓይን ሲጨምሩለት የሚነቃ አለ። «ጥምዝምዝ» ሲባል ደግሞ ሁሉም ይደርሳል። ማንም ወደ ኋላ እንዲቀር አንፈልግም፤ ምክንያቱም ጥያቄው በሽታውን አይጠይቅም። በሽታውን ማወቅ የደጁ መግቢያ ነው፤ ጥያቄው ያለው ጓዳ ውስጥ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ የሚሰጠን ነገር አለ። ግሳችን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚቀመጥ አንባቢው እስከ ጫፉ ድረስ አይለቀቅም። «ቀጥሎ የሚደረገው ምንድን ነው» የሚለው ልክ ድር ሲጠናቀቅ እንደሚታሰር ቋጠሮ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ደግሞም ታማሚው የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነው። «ብርድ ብርድ ይለኛል»፣ «ይቆረጥመኛል»፣ «ጎኔን ይወጋኛል» የሚሉትን ቃላት ሰምቶ ወደ መማሪያ መጽሐፉ ቋንቋ የሚያሻግር ሬዚደንት ራሱ በየዕለቱ ጥያቄ እየፈታ ነው። የውድድር ጥያቄ ውስጥ አንዳንዴ የታማሚው አነጋገር እንዳለ ተጽፎ ባየው እመኛለሁ። ውጋትን ከቁርጥማት መለየት ምርመራ ነው።

አሁን ወደምወደው ቃል ልምጣ፤ «ከዚያ»። «ትኩሳቱ 41 ደረሰ፤ ከዚያ የደም ግፊቱ ወረደ።» ሦስት ፊደል ናት። ያለ እሷ ጥያቄው ልክ አይሆንም ነበር። ታማሚው ላይ የደረሰው ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ምላሽ ነው። አዶልፍ ያሪሽ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመር በ1902 የቂጥኝ ታማሚዎች መድኃኒት ሲሰጣቸው የሚደርስባቸውን አይተው የመዘገቡት ነው፤ በግርሻ ግን ይበልጥ ይበረታል። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን ሲመታ ታማሚው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሰውነቱ ይግላል፣ ግፊቱ ይወርዳል። መጀመሪያ መውጣት፣ ቀጥሎ መውረድ። አለርጂ እንዲህ አይመጣም፤ አስቀድሞ አንቀጥቅጦ ትኩሳት አይሰቅልም። «ከዚያ» ባትኖር አንድ የተማረ ሰው ሁለት መልስ ልክ ነው ብሎ መከራከር ይችል ነበር፣ ክርክሩም እውነት ይሆን ነበር። ሦስት ፊደል በሩን ዘጋችው።

ያችን «ከዚያ» ያገኙልን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚ አጠገብ ያደሩ ሰዎች ናቸው። አንቶኒ ብራይሰን፣ ኤልድሪድ ፓሪ፣ ፒተር ፔሪን፣ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የ62 ታማሚዎችን ሁኔታ በዝርዝር ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1983 ተክሉ እና ሀብተሚካኤል ከዋረልና ከሌሎች ጋር ሜፕታዚኖል የተባለ መድኃኒት ምላሹን እንደሚያለዝብ በላንሴት ላይ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያወጡት ሥራ መጣ። 49 ታማሚዎች ነበሩ። ለ20ዎቹ ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው በፊት ከበግ ደም የተገኘ፣ ሰውነት ራሱ የሚረጨውን የማስቆጫ ንጥረ ነገር የሚይዝ ፀረ አካል ተሰጣቸው። ከእነዚህ ውስጥ ምላሹ የደረሰባቸው 10 ናቸው፤ ፀረ አካሉን ካላገኙት 29 ውስጥ ግን 26ቱ ላይ ደረሰ። የሚያንቀጠቅጠው ምን እንደሆነ በዚህ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ሬዚደንቶች በስልክ የሚጋጠሙበት አንድ መስመር ከታች ይህን ሁሉ ሌሊት ተሸክሟል። ይህን ሳስብ ጥያቄውን በቀስታ ነው የምነካው።

እንግዲህ ወደ ምርጫዎቹ፤ ጥሩ ጸሐፊ ከሁሉ በላይ የሚደክመው እዚህ ነው። ትክክለኛውን መልስ ማንም ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ላይ አለ። የተሳሳተው መልስ ግን መጽሐፍ ላይ የለም። እሱን የሚያውቅ ስህተቱን ያየ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ነበር፦ «አድሬናሊን መውጋት»፣ «ስቴሮይድ መስጠት»፣ «የወባ መድኃኒት መጀመር»፣ «በደም ሥር ፈሳሽ እየሰጡ የደም ግፊቱንና ትኩሳቱን በቅርብ መከታተል»። ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል። ትክክለኛው ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ፈተና የለመደ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ ረጅሙን ይነካል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል፣ ምክንያቱም ጸሐፊ ትክክለኛውን መልስ እንዳይከራከሩበት ሲያጥር ሲያጥር ያረዝመዋልና። ይህ ሞረድ የሚፈልግ ጠርዝ ነው። «ፈሳሽ ሰጥቶ መከታተል» ይበቃል።

«የወባ መድኃኒት መጀመር» የሚለው ደግሞ ባዶ ወንበር ነው። ብለድ ፊልሙ ታይቷል፣ ጥምዝምዙ ተገኝቷል፤ ማንም ወባን አይመርጥም። ማንም የማይመርጠው ምርጫ ምርጫ አይደለም፣ ቦታ መያዣ ነው። ማይክል ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የ80 ዓመት ጥናቶችን አሰባስቦ ሦስት ምርጫ እንደሚበቃ አሳይቷል፤ ከሦስት በላይ የሚጨመሩት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ባዶ ወንበሮች ናቸው። በዚህኛው ጥያቄ ግን ለቦታው የሚመጥን ሰው አለ፦ «ፔኒሲሊኑን በሌላ መተካት»።

ይህን የሚጽፍ የሌሊት ተረኛን ያየ ሰው ነው። ታማሚው መድኃኒቱን ተወግቶ ባሰበት። አስታማሚው በር ላይ ቆሞ «መርፌው ነው የገደለው» ሊል ነው። በዚያች ሰዓት የሐኪሙ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒቱ ነው፤ ይህን ትቼ ሌላ ልስጥ ይላል። መድኃኒቱ ግን አልከሸፈም። ያባሰበት መሥራቱ ነው። ይህ ስህተት የደንቆሮ ስህተት አይደለም፣ የሚያዝን ሰው ስህተት ነው፤ እንደ ምርጫ የተቀመጠውም በክብር ነው።

«አድሬናሊን መውጋት» ፈጣን እጅ ያለው ሰው የሚነካው ነው። ፔኒሲሊን፣ ሁለት ሰዓት፣ የወረደ ግፊት፤ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ያነበበ አለርጂ ይላል። እንዲያነብለት የተጻፈለት ደግሞ አለ፦ አያሳክከውም፣ ደረቱ ሲጥ ሲጥ አይልም። ጥያቄው ወጥመድ አልዘረጋበትም፤ ምልክቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦለታል። ወጥመድና ጥያቄ የሚለዩት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። «ስቴሮይድ መስጠት» ያልነው፣ አሁን በስሙ «ሃይድሮኮርቲዞን መስጠት»፣ ደግሞ ብዙ ያነበበውን ይፈትናል። ቁጣ ነው፣ ቁጣን የሚያበርድ ልስጥ የሚለው ሐሳብ በመጽሐፍ ቋንቋ ሲታይ ያምራል፤ ታማሚው ላይ ግን ያንን ምላሽ አይከለክለውም።

እንግዲህ አራቱ እኩል ቁመት ይዘው ቆሙ፤ አድሬናሊን መውጋት፣ ፔኒሲሊኑን በሌላ መተካት፣ ሃይድሮኮርቲዞን መስጠት፣ ፈሳሽ ሰጥቶ መከታተል። ሁሉም ድርጊት ናቸው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ግስ ያልቃሉ፣ አንዱ መድኃኒት ሌላው የበሽታ ስም አይደለም። አንዱ የፈጠነ፣ አንዱ ያዘነ፣ አንዱ ያነበበ፣ አንዱ የታገሠ ሰው ነው። ዋርድ ውስጥ አራቱንም አውቃቸዋለሁ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልበል። ካሁት የሚባለው የኖርዌዮቹ መሣሪያ፣ ቀዩ ሦስት ማዕዘንና ሰማያዊው ዳይመንድ ያለበት፣ ነጥብ የሚሰጠው በሰዓት ነው። የ1,000 ነጥብ ጥያቄን ከግማሽ ሰከንድ በታች የመለሰ ሙሉውን ያገኛል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት በትክክል የመለሰ ግማሹን ያገኛል። ለልጆች ክፍል ደስ ይላል። ለሬዚደንቶች ውድድር ግን አልወደውም። «ከዚያ» የምትለዋን ቃል ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ እሷን ያላየ አድሬናሊኑን ይነካል፣ እሷን ያየ ደግሞ ስላየ ነጥብ ይቀነስበታል። በሚገባ የተሠራ ጥያቄን በሩጫ መለካት ጥልፍን በመብራት ማጥፊያ ሰዓት እንደ ማየት ነው። በቴሌግራሙ ደቂቃ መስጠት ይቻላል፤ ጊዜ የሚሰጡት ቡድኖች ጥያቄም አሳምረው እንደሚጽፉ አስተውያለሁ።

ሰው መልሶ ሲያበቃ ሌላ ነገር ይታያል፤ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት። በየምርጫው ጎን መቶኛ ይወጣል። ተወዳዳሪዎቹ የሚያዩት ማን እንደሳተ ነው፤ እኔ የማየው ጸሐፊውን ነው። ሙያው የሚለው፣ ከመቶ አምስት ሰው እንኳ ያልመረጠው የተሳሳተ መልስ አልሠራም፣ ይውጣ ነው። ሁሉም ትክክለኛውን ከነኩት ጥያቄው ማንንም አልለየም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፤ በሌሎቹ ጥያቄዎች ጎበዝ የሆኑት የሳቱት፣ ደካሞቹ ያገኙት ጥያቄ። ያኔ ስህተቱ ከመላሾቹ አይደለም፤ ጎበዞቹ ጸሐፊው ያላየውን አይተዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ያዘጋጀችው ሬዚደንት በማግስቱ ጥያቄውን አንሥታ፣ አንድ ቃል ቀይራ፣ ነጥቡን ለሁሉም መለሰች። ያሸነፈው ቡድን ተሸነፈ። ማንም አላጉረመረመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷን ጥያቄ በስሟ ነው የምጠብቀው።

አሁን የቀረችው ማብራሪያዋ ናት። 200 ፊደል። ብዙዎች እዚህ ይደክማሉ፤ «መልሱ መ ነው፣ መጽሐፉን እዩ» ብለው ያልፋሉ። አገር የሰጠ ሰው ግን መልሱን ሙሉ መስማት አለበት፤ አድሬናሊኑን የነካውም፣ ፔኒሲሊኑን የቀየረውም፣ ስቴሮይዱን የመረጠውም እያንዳንዱ የራሱን ዓረፍተ ነገር ማግኘት አለበት። ሻዬ ቀዝቅዟል፤ ከውጭ የመኪናው ድምፅ ቀንሷል። በስልኬ እጽፈዋለሁ፣ እቆጥረዋለሁ፣ እቀንሰዋለሁ፦

«ያሪሽ ሄርክስሃይመር ነው፤ ተሕዋስያኑ ሲሞቱ የሚለቁት ነገር ሰውነትን ያስቆጣል። አያሳክከውም፤ አለርጂ አይደለም። ስቴሮይድ አይከለክለውም። ፔኒሲሊኑ እየሠራ ነው፤ አትቀይሩት። ፈሳሽ ስጡት፤ ከአጠገቡ አትራቁ።»